ከቅጹ ጀርባ

ዓይነት፦ ማዝዳ፣ ትንሿ ፒካፕ። ቀለም፦ ድሮ ሰማያዊ።
«የሚታወቅ ጉድለት ካለ ይገለጽ» ይላል ወረቀቱ፤
ሁለት መሥመር ነው የሰጠኝ፤ ጣት አያስተኛም ስፋቱ።
ሃያ ሁለት ዓመት በሁለት መሥመር አይታጨቅም፤
ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነው፤ ባዶ ቦታ አይናቅም።

እንግዲህ ጉድለቷ፦
የሾፌሩ በር በጉልበት አይከፈትም፤
ላይ አንስቶ ወደ ራስ ነው፤ ለተቆጣት እሺ አትልም።
ሁለተኛ ማርሽ በብርድ ያኮርፋል፤ ይዘለል፣ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ፤
ሞተሩ ሲሞቅ ራሱ ይታረቃል፤ አያሻውም ሽማግሌ፣ አያሻውም ዳኛ።
ማሞቂያው ይሠራል፣ ግን ወንዙን ከተሻገሩ በኋላ ነው፤
እስከ ድልድዩ አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ጭን ሥር ነው።
ከአፍንጫዋ የተንጠለጠለውን ገመድ እንዳትቆርጡት፤ የማታ መታሰሪያዋ ነው፤
በጥር ሳይሰካ ያደረ ሞተር፣ ሳስካቱን ላይ፣ ጠዋት ሬሳ ነው።
ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ሞቷል፤
ከዚያ ወዲህ የሄድነውን እግዜር እንጂ ማን ቆጥሮታል።

ይህም ጉድለት ከሆነ ይጻፍ፦
ፒካፕ ያለው ሰው በወር መጨረሻ ቅዳሜ ወዳጁ ይበዛል።
«ጋሼ ዘርይሁን፣ አንዲት ፍራሽ ብቻ» ይባላል፤
ፍራሿ ፍሪጅ ይዛ፣ ፍሪጁ ሶፋ አስከትሎ ይመጣል።
በሠርጋቸው ሳምንት የጫንኩትን አልጋ በፍቺያቸው ሳምንት አወረድኩ፤
እሷ ራስጌውን ፈለገች፣ እሱ ግርጌውን፤
ዝም ብዬ ገመዴን ጠመጠምኩ።
የሉባባ ፒያኖ ሲጫን የኋላውን ወለል ደፍጥጦታል፤
ዝናብ ሲጥል ጎድጓዳው ውኃ ይይዛል።
ድንቢጥ ሲጠጣበት አይቻለሁና
አላስጠገንኩም። እናንተም አትድፈኑት።

እዚህም ቁራሌው አለ፤ በየሰፈሩ እየዞረ አይጮኽም እንጂ።
ሦስት መቶ ዶላር ሰጠኝ።
ልጄ ናሆም «ተቀበለው» አለ፤ ልጅ ለብረት አያዝንም።
የኔ ዐይን ግን ማታ ማታ መንገዱን መንታ ያደርገው ጀመር፤
ሐኪሙ መንጃ ፈቃዴን ጠየቀ፤
በዚያው ሰሞን የእናንተ መኪና በየካቲት ብርድ ወደቀ።
አሥራ አራት ቤተሰብ ፍራሽ ይጠብቃል አለች ዳርሊን፣
ወለል ላይ እየተኛ።
ወለሉን አውቀዋለሁ።

«የሚገመት ዋጋ» የሚለውን ሳጥን ዘልዬዋለሁ፣
እንደ ሁለተኛው ማርሽ።

*

ዳርሊን ተቀበለችኝ። ፊቱን አየች፤ ገለበጠች፤
መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ፊደሉ ላይ ቆየች።
«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»
«ጉድለቷ» አልኳት።
ሳቀች። ቁልፉን ሳቀብላት ጣቴ ትንሽ ዘገየ፤
አይታ እንዳላየች ሆነች።
ከዚያ ማባዣው ላይ ሁለት ጊዜ አወጣችው፤
አንዱን ለፋይሉ፣
አንዱን አጥፋ መኪናዋ ኪስ ከተተችው፤
ማንበብ የሚችል አንድ ቀን ይነዳት ይሆናል ብላ፣
ወይ ዝም ብላ፣
እንጃ።

ሐሙስ ዕለት፣ ሃያኛው መንገድ ላይ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ፣
ቀይ መብራት ያዛት።
ሁለት ፍራሽና አንድ የእግር መብራት ተሸክማለች፤
ጠጉሯን ባንድ የጎነጎነች ልጅ ትነዳታለች።
ገመዱ ሌላ ነው፣ አስተሳሰሩ ግን ደኅና ነው።
አረንጓዴ በራ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስታስገባ
ማርሹ አጓራ።
«ዝለዪው!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ በአማርኛ።
አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ አንድ እርምጃ ራቀች።

ሦስተኛ ሲገባ ሰማሁት።