ክፍት ያደረ ፋይል

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሰው ምሳውን ሲበላ፣
ሴቱባል ወደብ ላይ፣ ከዓሣ ተራው ኋላ፣
በቤተ መጻሕፍቱ፣ በምድር ቤቱ ክፍል፣
ኮምፒውተር ላስጨነቀው፣ እኔ ነኝ መላ የማካፍል።

ኢዳሊና መጣች፤ ዣንጥላዋ የሚያንጠባጥብ፣
ጣቷ ላይ የቢላ ጠባሳ፣ እንደ ጽሑፍ የሚነበብ።
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሰርዲን ስትደረድር፣
ራስና ጭራ እያፈራረቀች፣ ዘይት ስታንቆረቁር፣
ፋብሪካው ተዘጋ። በሩ ላይ ወረቀት፤
ወረቀቱ ላይ ፊርማ፣ የማን እንደሆነ ያልገባት።

«ሲቪ አምጪ አሉኝ» አለች፣ ፍላሽ እያቀበለችኝ፤
ሰባት ፋይል ነበረው፣ ሰባቱንም አስከፈተችኝ፦
«አዲስ»፣ «አዲስ ሁለት»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ መጨረሻ»፤
አንደኛው «ይኼኛው» ይላል፣ ሌላ የለውም መታወሻ።

ሁሉም ዎርድ ናቸው። በልጇ ኮምፒውተር የቆመው፣
እኛ ጋ ሲከፈት ተናደ፤ ማንም ሳይገፋው ሳይጎስመው።
ፎቶዋ ጽሑፉ ላይ ወጥቶ፣ ትምህርቷን ሸፍኖ ተቀምጧል፤
ስልክ ቁጥሯ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ገጽ ተሻግሯል።
ያ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንዲት መስመር ላይ ያረፈው፣
ሁለተኛው ገጽ ላይ ለብቻው፣
ዙሪያውን ነጭ ከብቦት፣
ቁጭ ብሏል፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው።

«ዎርድ ክፍት ነው» አልኳት፤ «የሄደበትን ቤት ይመስላል፤
የዚያ ቤት ፊደል ከሌለው፣ የተገኘውን ይለብሳል።
ፒዲኤፍ ግን...» ልቀጥል ስል፣ እጇን አነሣች፤
«ገባኝ፤ ቆርቆሮ ነው!» አለች፣ የጣሳ ጠርዝ በአየር ላይ እያጠፈች።
«ዘግተኸው፣ አፍልተኸው፣ መርከብ ጭኖት ቢሻገር፣
ሲከፈት እኔ እንደደረደርኩት ነው፤ ጭራ ከራስ አይደናገር።»

አምስት ዓመት ሳስረዳ፣ እንዲህ አሳጥሬ አላውቅም።

ቸኩላ ግን፣ ያለ እኔ፣ በማግስቱ አንዱን አተመች፤
በስልኳ ፎቶ አንሥታ፣ «ፒዲኤፍ» ብላ ላከች።
ሆቴሉ ዝም። ሱፐርማርኬቱ ዝም። ዝም የጽዳት ድርጅቱ።
«ገጹ ባዶ ነው» ያላት፣ አንድ ማሽን ነው፣ በሌሊቱ።
«ስሜ በትልቁ አለ እኮ!» «ላንቺ አለ፤ ማሽን ግን ሥዕል ነው የሚያየው፤
ፊደል በጣት ተይዞ፣ ተቀድቶ ሲወጣ ነው የሚለየው።»
«ይኼማ» አለች «መለያ ያልለጠፉበት ቆርቆሮ!
ሰርዲን ይሁን ጭቃ የያዘው፣ ማን ሊያውቅ ውጪውን ቆርቁሮ?»

እንደገና ተቀመጥን። ዎርዱን አቃናን፣ አስተካከልን፤
ፊደሉ በሕይወት እያለ፣ ክዳኑን ገጥመን አሸግን።
ከላይም መለያ ለጠፍን፦ «ኢዳሊና ፓሼኮ፣ ሲቪ»።
«እስቲ አሁን ይጫን» አለች፣ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ።

የቅጥር ኤጀንሲው ግን፦ «ዎርድ ካልሆነ አንቀበልም፤
አድራሻሽን እናነሣለን፣ አርማችንን እናኖራለን፤ ሌላ ነገር አንነካም።»
ክፍት ያደረ ድስት፣ የሚቀምሰው አያጣም፤
ይህን እያወቅሁ ላክሁት፤ እንጀራ ፈላጊ አይመርጥም።

በሦስተኛው ሳምንት ጠሯት፤ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን።
ታቫሬስ የሚሉት ኃላፊ፣ ወረቀት በዓይኑ ሲመዝን፣
«ሁለት ዓመት ልምድ» አላት «ለፈረቃ አለቃ ያንሳል።»
ፊተኛዋ ሁለት ቁጥር ላይ፣ የኤጀንሲው አርማ ተኝቷል።

አልተከራከረችም። ስልኳን አወጣች፤ እሽጉን ከፈተች፤
በባለ ጠባሳው ጣት፣ ሃያ ሁለቱን አሳየች፤
ቀጥላም ጣቷን ራሱን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ውጤቱን ገና አልሰማንም።
ዛሬ ጎረቤቷን አስከትላ፣ ያንኑ ዣንጥላ ይዛ መጣች።
ሴትየዋ «በየትኛው ልላከው?» ብላ አፏን ሳትዘጋ፣
ኢዳሊና ቀደመችኝ፦
«ክፍቱን ለጠየቀሽ ላኪ፤ እሽጉን ግን አንቺው ያዢ።
ደግሞ ስሙን ‹ይኼኛው› እንዳትዪው» አለች፤ ሳቀች፤
እኔ፣ መላ የማካፍለው፣ ወንበሬን ለቀቅሁላት፤ ተቀመጠች።