የወይዘሮ ፍሪዘን ፎርድ

ፎርዷ ሠላሳ አምስት ክረምት ያሳለፈች፣
በሯ በትከሻ ካልሆነ የማይዘጋ፣
ስዊፍት ከረንት፣ ጋራዤ ደጃፍ ተንዘፍዝፋ ቆመች፤
ብርዱ ሃያ ስምንት ከዜሮ በታች፣ ገና ሳይነጋ።

ወይዘሮ ፍሪዘን ወረዱ፣ ካርቶን በብብታቸው።
«ልጄ ናት የላከችው፤ ከሳተላይት ነው የሚሰማው፤
የከተማው ጣቢያ ጎተራውን ሳልፍ ይከዳኛል፣
ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ብቻ ያጫውተኛል።»

ዳሽቦርዱን ፈታሁት።
ስንዴ ረገፈ። ግማሽ እርሳስ። የቀለጠ ከረሜላ።
ማጫወቻው አፍ ውስጥ የተቀረቀረ ካሴት።
«ይውጣ?» አልኳቸው።
«ተወው፤ አብራም እነቅለዋለሁ ብሏል።»
አብራም ካረፈ ይሄ አራተኛው አጨዳ ነው።

ተውኩት።
ሽቦውን በጎን አሾልኬ ከአንቴናው ሥር ቀጠልኩ፣
ማግኔቷን ዝገት ያልበላው የጣሪያ ጥግ ፈልጌ ለጠፍኩ፦
ብስኩት የምታህል ጥቁር ጆሮ፣
ደቡቡን ሰማይ የምታዳምጥ።

መቶ ሃምሳ ጣቢያ! ቁልፉን ያሽከረክራሉ፤
ስብከቱን፣ ሆኪውን፣ ጊታሩን ያልፉታል፣
ቶሮንቶ ላይ ቆሙ። የትራፊክ ዜና።
«ሦስት መኪና ተጋጭቶ ዋናው መንገድ ተዘግቷል፤
አንድ ሰዓት ታገሡ» ይላል ሰውየው፣ ትንፋሽ አጥሮት።

«ይሄ ይሁንልኝ» አሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ከኋላቸው ደረስኩ፤
አጥርና በረዶ፣ አጥርና በረዶ ነው መንገዱ፤
ከፊታቸው ማንም የለ፣ ከኋላቸው እኔ ብቻ፣
አንድ እጃቸውን መሪው ላይ ጥለው፣
በሺህ መኪና መሃል እንደተያዘ ሰው
ፍሬን ነካ፣ ነካ እያደረጉ ሲሄዱ።