ውሃ ይዞ ወደ ውሃ

ዓርብ ማታ ነው፤ የኪራይ ደረሰኝ ጀርባውን ገልብጬ፣
ቅዳሜን እጽፋለሁ፣ ከስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ።

አንደኛ፦ መኪና። የሸምሱ ጓደኛ ሚኒባሱን ሊያውሰን ቃል ገብቷል፣
«ነዳጅ ከእናንተ» ብሏል፤ ሰልፉ ደግሞ አደባባዩን ዞሯል።

ሁለተኛ፦ ውሃ።
ይህን ስጽፍ ሩቅያ በትከሻዬ አጮልቃ፦ «እማ! ወደ ዓባይ እኮ ነው!
ውሃ ተሸክሞ ወደ ውሃ መሄድ ምን የሚሉት ነው?»
እሷ ምን ታውቃለች! ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ገደሉ ይውጣል፣
ሴት ክንዷን ገልጣ ውዱእ የምታደርግበት ጥግ ከየት ይመጣል?
ቢጫዋ ጀሪካን ትሞላ፤ ክዳኗ ያፈሳልና በፌስታል ትታሰር፤
አሮጌው አንሶላም ይታጠፍ፣ በሁለት ዛፍ መሃል የሚወጠር።

ሦስተኛ፦ ዶሮዎቹ። ከጁምዓ መልስ ሸምሱ ራሱ ቢስሚላህ ብሎ አርዷል፣
ገና ሳይነጋ ይጠበሳሉ፤ ምግብ ቤት ገብቶ «የማን ሥጋ ነው?» ማለት ይከብዳል።
አምና ባለቤቷ ሽሮውን በአዲስ ድስት ሠራችልን፣
ደግ ሴት ናት፤ ግን ደግ ሰውን ስንት ድስት እናስገዛለን?
ቴምር። ለያሲር ትርፍ ሱሪ፤ ውሃ ሲያይ አያስችለውም።
ሦስት መስገጃ፤ አራተኛው ከታጠበ ወዲህ አልደረቀም።

አራተኛ፦
ብዕሬ እዚህ ላይ ቆመ።
አራተኛዋ አክስቴ ዘምዘም ናት።

አርባ ዓመት ባሕር ዳር ኖራ፣ በርበሬ ነግዳ፣ አራት ልጅ ድራ፣
ጢስ ዓባይን አላየችም፤ በየጉዞው ዋዜማ ጥያቄዋን ደርድራ፦
«ዙህር የት ይሰገዳል? የእኛ ሥጋ አለ? ሴቱ የት ይቀመጣል?»
የሚመልስላት ሲጠፋ፦ «ሂዱ እናንተ፤ ለቤቱም ጠባቂ ያስፈልጋል።»
በስሟ የሚጠራውን ውሃ ግን ቀምሳለች፤ ሐጅ ደርሶ የመጣ ጎረቤት
በሽሮፕ ጠርሙስ ይዞላት፣ በሦስት ትንፋሽ አለቀባት።
የሩቁ ውሃ መጣላት፤
የቅርቡ ነው የራቃት።

እናም ይበልጣልን ደወልኩለት፣ ሱሪ ሊያሳጥር የሚመጣውን፣ የጢስ ዓባዩን።
«ከሾላው ሥር ሣር መሬት አለን፤ ንገሪኝ የምትዞሩበትን፣
በሬዎቹን ከፊታችሁ አነሣለሁ» አለ።
«ወደ ሰሜን» አልኩት፤ «ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ።»
ዝም ብሎ አሰበ፤ መሬቱን በልቡ ሲያዞር ይሰማኛል።
«ታዲያ ፏፏቴው ከጀርባችሁ ሊሆን ነው! አይከፋውም ትያለሽ?» ብሎ ይስቃል።

አምስተኛ፦ ውሃው ራሱ። ጥር ነው፤ ወንዙ ከስቷል፣
የተረፈውንም ተርባይኑ ወስዶ መብራት አድርጎታል፤
ይኸው የኔ አምፖል፣ ይኸው የሲንጀሬ ሞተር፣
ከገደሉ ተቀንሶ እዚህ ጓዳ የሚሾር።
ሸምሱ ጣቢያው ላይ ዘበኛ የሆነ ዘመዱን ጠየቀ፦ «ነገ ይለቀቃል?»
«ኢንሻአላህ» አለ ሰውየው፤ ሌላ አልጨመረም።
እኔም «ኢንሻአላህ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

ደረሰኙን ሳጥፍ መብራት ድርግም አለ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ፤ ያሲር አለቀሰ፤
ከጥጉ የአክስቴ ሙስበሃ ጠጠሩን መቁጠር ጨረሰ።
«እንግዲህ» አለች በጨለማው፣ «ውሃው ወደ ገደሉ ተመለሰ።»

ማንም አልሳቀም።
ጫማዋን በእግሯ ስትዳብስ ሰማሁ፤ በሩ ሲንሲያጠጥ፣
ከዚያ ከግቢው ቧንቧ፣
ባዶ ጀሪካን ውስጥ የሚወድቅ፣
እየሞላ ሲሄድ የሚቀጥን
የውሃ ድምፅ።