ሁለት ሳምንት

«ሁለት ሳምንት ብቻ» ቬይኮ ነበር ያላት፣
የመስታወት ሣጥን ሳሎን አኑሮላት፤
ውስጡ አምፖል፣ ውስጡ ቅርፊት፣ ውስጡ እባብ፤
ታምፔሬ ከተማ፣ አራተኛው ደርብ።
እሱ በሌሊት ባቡር ወደ ሰሜን ማዕድን ሄደ፤
ሐይቁ አራት ጊዜ ረጋ፣ አራት ጊዜ በረዶው ተናደ።

ስሟ ሂልያ ነው፣ በአገሩ ቋንቋ ዝምታን ያዘለ።
ራይሊ መጀመሪያ ላይ፣
የምንጣፍ መጥረጊያው ገመድ እንኳ ያስደነግጣት ነበር ጥቅልል ካለ።
ኋላ ተላመዱ፤ ሹራብ ስትሠራ
ክንዷ ላይ ተጠምጥማ ዜና ታያለች ከሷ ጋራ።

ጡረታ ቀጭን ነው፣ የሱቅ አይጥ ውድ ነው፤
ከሐይቅ ዳር ጎጆዋ፣ ከማገዶው ሥር በወጥመድ የያዘችው
የዱር አይጥ ነበር ማታ የምታበላት፣
ሳትሰስት፣ በገዛ እጇ እያቀረበችላት።

በታኅሣሥ የዋጠችው አስመለሳት።
በጥርም አስመለሳት።
ጀርባዋ እንደ በረዶ አገር ጣራ ሾለ።
እሁድ ቬይኮ ደወለ፣
«ሂልያስ?» አለ።
«ደህና ናት።»
ሆድ ይፍጀው ብላ ነው፤ የማን ሆድ እንደሚፈጅ ሳይታያት።

ውጭው ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች ነው።
ካፖርቷ ሥር እባቧ በትራስ ልብስ፣
ከጎኗ ሙቅ ውሃ በጎማ ከረጢት፤ በቦርሳዋ የጃም ጠርሙስ፣
ጠርሙሱ ውስጥ (ይቅርታ አድርጉልኝ) የሂልያ ኩስ።
አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሕፃን «ምን ይዘሻል?» አላት።
«ዝምታ» አለችው። አመናት።

ሐኪሟ ሲኒካ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች፤
«ነይ እዪ» አለቻት፤ ራይሊም አየች፦
ሞላላ፣ ቅርፊቱ ስስ፣ እንደ ሰሊጥ ዘር፣
ዕንቁላል በዕንቁላል፤ በአንዲት ጠብታ ሙሉ የትል መንደር።
«ምን ነበር የምትበላው?»
ስለ ማገዶው፣ ስለ ወጥመዱ ተናገረች።
«እኔው ነኝ ያጎረስኳት፣ በገዛ እጄ» አለች።
ሲኒካ አልፈረደችም። ሚዛኑን አነሳች።

«ስምንት መቶ ግራም። ልኩን ማወቅ ይሻላል፤
በግምት የሰጡት መድኃኒት ከትሉ በፊት ባለቤቱን ይገድላል።
ዛሬ የምንሰጣት ትሉን ይጨርሰዋል፣
ዕንቁላሉ ግን ይተርፋል፣ ውሎ አድሮ ይፈለፈላል፤
ስለዚህ ሁለት ሳምንት ጠብቀሽ አምጪያት።»
ሁለት ሳምንት! ይህንን ቃል ራይሊ ታውቀዋለች፤
አንድ ጊዜ አምናው፣ አራት ዓመት ጠብቃለች።

አፏን በአሮጌ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ጫፍ ከፈቱ፤
ቀጭን ቱቦ የትንፋሿን ቀዳዳ አልፎ ገባ፣ ተከተለው ነጭ መድኃኒቱ።
ኮሶ የጠጣ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤
እባብ ቅንድብ የላት፣ ከንፈር የላት፣ ምሬቷን ማን ያነባል?
ራይሊ ስለሷ ፊቷን አጨማደደች።

ቤት ገብታ ቅርፊቱን በጥቁር ላስቲክ አሰረች፣
ሣጥኑን በፈላ ውሃ አጠበች፣ ጋዜጣ አነጠፈች፤
በየማለዳው አዲስ ጋዜጣ፣ እጅ መታጠብ እስከ ክርን።
የካቲትን በሙሉ ሂልያ የተኛችው
(የኮሰችውም)
በሚኒስትሮች ፎቶ ላይ ነበር።

እሁድ ስልኩ ጮኸ። «ሂልያስ?»
«ታማለች ልጄ። ሆዷ ውስጥ ትል አለ።
ያበላኋት እኔ ነኝ፤ አልነገርኩህም።»
ከወዲያ የማሽን ድምፅ፣ ከዚያ ጸጥታ ዋለ፤
«እማዬ፣ እኔም ያኔ ሁለት ሳምንት ስልሽ...»
አልጨረሰውም። እሷም ጨርስ አላለችውም።

ይህኛው ሁለት ሳምንት ቃሉን ጠብቆ መጣ፤
ያው ትራስ ልብስ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያው ካርድ፣ ያው ጠብታ።
በመጋቢት ጠርሙሱን ሲኒካ ደጋግማ መረመረች፤
ምንም። ምንም። ራይሊ ራሷ አይታ እንድታምን ጠራች።

በረዶ ከነበረ የሱቅ አይጥ አንዱን በሙቅ ውሃ አሟሟች፤
ሂልያ ሸተተች፣ አሰበች፣ ዋጠች።
ራይሊ ወንበር ስባ ከሣጥኑ አጠገብ አመሸች፤
አንድ ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት፣ አምስት።
አላስመለሳትም።
በስድስተኛው መብራቱን አጠፋች፣
ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፣
«እንግዲህ አይመለስም» አለች።

ስለ አይጡ ነው።