«አትነቃነቅ»

«ኪስዎን ያራግፉ፤ ማሽኑ ማግኔት ነው፣ ብረት ይወዳል፣
ካገኘ፣ ከሰው ኪስ ነጥቆ ይወስዳል።»
ዓሣ አጥማጅ ነው ሪቂዋ፣ ከአሞራ ገደል የመጣ፤
ሦስት መንጠቆ፣ የቤት ቁልፍ፣ ዝርዝር ሳንቲም አወጣ።
መጨረሻ ላይ ክብሪት።
«ይቺስ እንጨት ናት፤ ይዣት ብገባስ ምነው?
ጭሬ አፍንጫው ሥር ልይዛት፣ ድንገት እዚያ ውስጥ ከጣለው።»

ከሌዳሞ አፍንጫ በታች ክብ ጠባሳ አለች፣
ምስር የምታህል፣ ከአንዱ ክብሪት የቀረች።

«በጎኑ ማስተኛት ነው፣ ራሱን ከድንጋይ ማራቅ፣ ሰዓት ማየት፤
ድኝ ማሽተት አይደለም» አልኩ። ሰጠኝ፤ ግን በማመንታት።

ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ዳር በቆመች ታንኳ ላይ፣
እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ተሰቀለ ወደ ሰማይ።
አባ ኮዳዎቹ እንኳ የዓሣ ሆድ ዕቃ ትተው
ቆመው አዩት ይላል አባቱ፤ ሰዎቹ ሸሹ፣ «ይጋባል» ብለው።

ከመስታወቱ ማዶ፣ በማይክ፣ «አትነቃነቅ» አልኩት።
ምን እንዳልኩ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።
ሳይፈቅድ የሚንዘፈዘፍን ልጅ «ድንጋይ ሁን» ማለት!
ሃያ አምስት ደቂቃ፣ በዚያ ጠባብ ጉሮሮ፣ በዚያ ጩኸት።

ማሽኑ ጮኸ፦ ድው ድው፣ ቋ ቋ፣ ደግሞ እንደ ዶማ።
አባቱ እግሩን ይዞታል። ልጁ ዓሣ ሲጠብቅ ያደገ ነው፤ ትንፋሹ እንኳ አልተሰማ።
መብራት እንዳይሄድ ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ አልናገርም።
ምስሉ እንደ ስልባቦት ገፈፍ ገፈፍ እያለ መጣ፤ ግራጫ በግራጫ። ደግሜ ባይም፣

ጠባሳ የለም። ዕጢ የለም።
ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ እጥፋቱ ሁሉ በቦታው፤ የጎደለ የለም።

ዶክተር ቀለሟ ፊልሙን ከብርሃን ፊት ሰቅላ
«ምንም አልታየም» አለች፣ የአባቱን ዓይን ተከትላ።
ይኼን ቃል እፈራለሁ። «ዳነ» ብሎ ክኒን የጣለ አለ፤
«በመሣሪያ ካልታየማ የሰይጣን ነው» ያለ አለ።

ሪቂዋ ፊልሙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ።
በሐይቁ በኩል ዘረጋው፤ ቀዳዳ እንደሚፈልግ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ወረደ።
«ሌሊት የጣልኩት መረብ» አለ፣ «ስንት ጠዋት ባዶውን መጣ፤
‹ሐይቁ ዓሣ የለውም› ያለ ግን፣ ከመሃላችን አንድ ሰው አልወጣ።»

ዝም ብሎ ቆየና፦
«ክኒኑ በስንት ሰዓት ነው?»
ማታ ሦስት ሰዓት። በየቀኑ። ባይጥለውም፣ ደህና ቢመስልም ያው ነው።

መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፤
ክብሪቷን አላነሳም። ረስቶ ይሁን ትቷት፣ አልጠየቅሁም እሱን።

ሌዳሞ ከበሩ ላይ ዞረና
«አሁን መነቃነቅ ይቻላል?» አለኝ።
ሮጠ፤ መልሴን አልጠበቀምና።