የአንድ ዓይን ሕግ

ቦሩ ሜዳ፣ ሐኪሙ መብራቱን አጠፋና
"የግራዎ" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
"ሞራውን ብንገፍም ከጀርባው ሥሩ ደርቋል፤
ቀኝዎን እንጠብቅ፣ እሱ ገና ያያል።"

ስመለስ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ብቻዬን ሳቅሁኝ።
አጠገቤ ያለች ልጅ ሸሸት አለችኝ።
ምን ብዬ ላስረዳት? ያሳቁኝ አባቴ ናቸው፣
ካረፉ አርባ ሁለት ዓመት ያለፋቸው።

አለቃ አራጌ ሠዓሊ ነበሩ፤
ከተንታ ኩታበር ደብር ለደብር የዞሩ።
አቡጀዲ በሙጫ ነክረው ግድግዳ ሲያለብሱ
ብሩሽ አጥብላቸው ነበር፤ ያንኑ ቃል ደጋግመው ሲያነሱ፦
"ጻድቅን ፊት ለፊት ሣለው፤
ሁለት ዓይን ስጠው፣ ይየን፣ እኛም እንየው።
ኃጥእን ግን በጎኑ። አንድ ዓይን ይበቃዋል፤
ይሁዳ ሌላውን ከእኛ ይደብቃል።"

እነሆ ልጃቸው፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ፣
ማንንም ሳልሸጥ፣ በእርጅናዬ ብቻ፣ በሕጉ በአባቴ፣
ከይሁዳ ጎን ተሣልሁ።
ሚኒባስ ውስጥ የሳቅሁት ይኸን ነው። ማታ ግን አልሳቅሁ።
ጋደም ብዬ፣ ቀኜን በመዳፌ ከድኜ ሞከርሁት፤
ጨለማው ጥቁር አልነበረም። ያልተጻፈበት ገጽ መሰለኝ። ፈራሁት።

*

እኔ ሠዓሊ አልሆንሁም። መሥመር እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።
"ያንተ እጅ ለመርፌ ነው" አሉኝ፤ ይኸው ስንት ቆዳ፣ ስንት ክር አልፏል።
ደሴ፣ ከሰኞ ገበያ በላይ፣ ጉም በር ሳያንኳኳ በሚገባበት፣
ሱቄ አንድ መስኮት፤
የፈረሰ ዳዊት፣ የቀበሌ መዝገብ፣ የተማሪ መጽሐፍ፣
ጀርባቸውን አውቃለሁ። ሆዳቸውን ለባለቤቱ ነው የማሳልፍ።

በሰኔ ጦይባ መጣች፤ በሽርጥ የጠቀለለችው እቅፏ ውስጥ ነበር፤
የአያቷ ኪታብ። ግማሹን ብል በልቶት፣ ግማሹ የቆመ በተአምር።
"እኔ አላነበውም" አለችኝ፣ "አባቴም አላነበበው፤
ብቻ እኔ ቤት እንዳይበተን። ለልጄ ላሳልፈው።"
ገልብጬ ያዝሁት። ሳቀች። የእኔ መጨረሻ የእነሱ መግቢያ ነው።
ከአምሳ ዓመት በላይ የደገምሁት ዳዊት፣ ግማሹ ግዕዙ አይገባኝም፤
ይኸን ለቄሱም፣ ለእሷም አልነገርሁም።

ልጇ ረምላ፣ ገና ዐሥራ አንድ ዓመቷ፣ ኅዳጉ ላይ ጣቷን አኖረች፤
ፊደሉን በዓረብኛ ለቀመች፣ በአማርኛ አወጣች፦
"ዛሬ በረዶ ወረደ። ማሽላው አለቀ። ምስጋና ለአላህ ይሁን።
ዓይኔ ፈዟል። የዘለልሁትን፣ አንተ የምታነብ፣ ሙላልኝ እሱን።"
ጦይባ የሽርጡን ጫፍ ጨበጠች።
መቶ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ፣ በማላውቀው ፊደል፣ በማውቀው ቋንቋ፣
እርጅናውን ይዞ ደጄን አንኳኳ።

*

ቅዳሜ ኩታበር ወጣሁ፣ አባቴ የሣሏትን ማርያም ላያት።
ዝናብ ከጣራው ወርዶ የመላእክቱን ክንፍ ነክሮት፣
በቀኝ ዓይኔ፣ እየተጠጋሁ፣ ከላይ ወደ ታች ወረድሁ፤
ከእግሯ ሥር፣ ከአቧራው ጠርዝ፣ የረሳሁትን አገኘሁ፦
የተደፋ ሽማግሌ፣ ብሩሽ የጨበጠ፣
"ኃጥእ አራጌ" የሚል ጽሕፈት ከራሱ በላይ የተቀመጠ።
በጎኑ ነው የተሣለ።
አንድ ዓይን ነው ያለው፤
ያም ዓይን ወደ ላይ፣ ወደ እሷ፣ አፍጥጦ እንዳለ።

መልስ አገኘሁ አልልም። ደረጃ ስወርድ ግራዬ ዛሬም ገደል፤
መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ረምላ ነች፣ ጫፉን በምራቋ ስታሾል።
ብል በበላው ገጽ ፋንታ ባዶ ወረቀት ሰፍቻለሁ፤
የሚሞላው ባይመጣም እንኳ፣ ቦታውን ትቻለሁ።
ማክሰኞ ይወስዱታል። ሁለት ጥራዝ ይቀረኛል።
ጉሙ ገባ።
"ረምላ፣ መብራቱን" እላለሁ።