ውሉ የጠፋበት

አቃቂ ፋብሪካ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ፈትል ሳጠነጥን፣
በጨለማም ቢሆን አውራ ጣቴ ያውቃል የክሩን ጫፍ፣ ውሉን።
ተወሳስቦ ቢመጣ፣ በጥፍሬ ጠቅ አድርጌ
አወጣው ነበረ፣ ሳልበጥስ፣ ታግሼ ፈልጌ።

ጡረታ ስወጣ፣
የዕቁቡም፣ የወንድሜም ብር ባንድ ሳምንት ሲመጣ፣
ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ ጤፍ በታጨደበት ማሳ
አራተኛ ፎቅ ገዛሁ፣ ቤቱ ገና ሳይነሳ።

ሻጩ ልጅ ደግ ነው። ሱፉን አቧራ አልነካውም።
ብዕሩን አቀበለኝ፦ "ለወግ ነው፣ እማማ፤ ማንም አያነበውም።"
አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ፣ እንደዚያ ማሳ ጤፍ የደቀቀ፣
በመነጽርም የራቀ፦
"ገዥ በሕግ ያላቸውን ማናቸውንም መብት
በገዛ ፈቃዳቸው ትተዋል።"
ቤት የማይመታ ስንኝ።
ፈረምኩ፤ ቤት ያገኘሁ መሰለኝ።

ክረምቱ ሲገባ
ጣሪያው አለቀሰ፤ ግድግዳው አወጣ ጥቁር አበባ።
ሊፍት ይገባበታል በተባለው ጉድጓድ ርግብ ጎጆ ሠራች፤
እሷ አልፈረመችም፤ ተመቻት፣ ኖረች።

ሻጩን ስጠይቀው፣ ያው ደግ ነው፣ አልተቆጣ፤
ጣቱን አንቀጹ ላይ አሳርፎ ሻይ አዘዘ፤ ሻዩ መጣ።

የጎረቤቴ ልጅ ኩምሳ፣ ሕግ ተምሮ ሥራ ያጣ፣
በስልኩ መብራት አነበበው፣ ደረጃው ላይ ወጣ ብሎ ማታ።
"እትዬ ብርነሽ፣ መብትም ከመብት ይለያል፤
አንዱን ሰው ይተወዋል፣ አንዱ እንደ ቆዳ አብሮ ይሄዳል።
ሻጭ እያወቀ በኖራ የሸፈነው ስንጥቅ
በፊርማ ይደፈናል ወይ? እስቲ ዳኛ እንጠይቅ።"

ጠየቅን።
ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፤ ዝም አለች፤ መልሳ አደረገች።
"አንቀጽ አሥራ ሰባትን አንብበውታል?" አለች።
ምን ልበል? ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ ያንን ግን አላነበብኩም።
እውነቱን ተናገርኩ። ፊቷ ምንም አልነገረኝም።
ለኅዳር ተቀጠረ።

እስከዚያ ከጣሪያው ሥር ባልዲ ደቅኛለሁ።
ጠብ ሲል እቆጥራለሁ።
ድሮ አንድ ሰው መንገድ ላይ "በሕግ አምላክ!" ሲባል
ያነሣው ዱላ አየር ላይ ይቀር ነበር ይባላል፤
ማንም አላስፈረመው። ቃሏ ብቻ ነበረች።
አሁን የት ገባች?

ሌሊት ወረቀቱን አንስቼ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ።
አንድ ቦታ ጫፉ ይኖራል።
እፈልገዋለሁ።